አማቴን የመሰለች ቢራ

ግጥም መጻፍ የጀመርሁት ለቢራ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ዓመት ባሕር ዳር ላይ ከመሳቅና ጣቴን እያጠፍሁ የስንኝ ቀለም ከመቁጠር በቀር ሌላ ሥራ የነበረኝ አይመስለኝም። ሥራማ ነበረኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር።

ያደግሁት ዘጌ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ቤታችን ውስጥ ቃል እንደ ሽንኩርት ሲላጥ ነው የኖረው፤ ራት ላይ «ጨው አነሰው» ያለ ሰው እንኳ ምን ለማለት ፈልጎ እንደሆነ ይመረመር ነበር። መጠጥ ግን ከጠላ በቀር አላውቅም፤ እሱንም ለዝክር ሲጠመቅ ነው። ቢራ ከተማ ገብቼ አንድ ጊዜ ቀምሼ፣ ፊቴን አጨማድጄ፣ «ሰው ይህን ወዶ ነው የሚጠጣው?» ብየ የተውሁት ነገር ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጂኦግራፊ የምታስተምር ጓደኛየ «ሐይቁ ዳር አዲስ ቦታ ተከፍቷል፤ አሳ ጥብሱ ጥሩ ነው አሉ» ብላ ይዛኝ ሄደች። ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት አለፍ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ያለ ግቢ ነው። በርጩማዎች፣ ዝቅ ያሉ ጠረጴዛዎች፣ ከኋላ ቆርቆሮ ቤት፣ እዚያ ውስጥ በርሜሎች። ከባለቤቱ ይልቅ መጀመሪያ ያየሁት የባለቤቱን ሽርጥ ነው፤ ከላይ እስከ ታች በቢራ ርሷል። ሰውየው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ዓይኑ ሁልጊዜ የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው ዓይን ይመስላል። ሌላ ከተማ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ቢራ ጠማቂ ነበር። ያንን ትቶ መጥቶ፣ በራሱ እጅ፣ ከመርአዊ በሚመጣ ገብስ፣ ጌሾ እየጨመረ በትንሽ በትንሹ ይጠምቃል።

እሱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየዞረ ሰውን ይጠይቃል።

«እንዴት ነው?»

«አሪፍ ነው!»

«አሪፍ ማለት? ሽታው ነው? ምሬቱ ነው? ወይስ ስለቀዘቀዘ ነው?»

«በቃ አሪፍ ነዋ ወንድሜ! ድገመን።»

ወደሚቀጥለው ይሄዳል። «ቆንጆ ነው» ይሉታል። ከዚያ ወደሚቀጥለው። «ይመቻል» ይሉታል። እኛ ጋ ሲደርስ እጆቹን እያፋተገ ነበር።

«እናንተ መምህራን ናችሁ አሉኝ» አለ። «እባካችሁ አንድ ቃል ስጡኝ። አንድ! ቀዩን ቢራ ሦስት ጊዜ ቀይሬ ጠመቅሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ 'አሪፍ ነው' አሉኝ። ምኑን ላሻሽል?»

ጓደኛየ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሷ የአማርኛ መምህር ናት፤ ቃል የእሷ ነው።»

ብርጭቆ ቀርቦልኝ ስለነበር ለይሉኝታ ተጎነጨሁ። መጀመሪያ መረረኝ። ጌሾው ምላሴ ላይ ቆሞ አላሳልፍም አለ። ፊቴ ሊጨማደድ ሲል ግን ከኋላ የሆነ ነገር መጣ፤ ማር ማር የሚል፣ ሞቅ ያለ፣ «ግቢ ልጄ፣ ተቀመጭ» የሚል ዓይነት። ደግሜ ተጎነጨሁ። እንደገና ተቆጣኝ፤ እንደገና ሳቀልኝ። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከአፌ እንዲህ የሚል ወጣ፦

በር ላይ ተኮሳትራ፥ ውስጥ ገብታ የምትስቅ፥
አማቴን መሰለች፥ ጉሮሮ ስትጠልቅ።

ጓደኛየ የጎረሰችው አሳ ትን አላት። ጠማቂው ግን አልሳቀም። ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደገመው። ከዚያ ከእኔው ብርጭቆ አንድ ጊዜ ተጎነጨና ዓይኑን ጨፈነ።

«እውነት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በር ላይ ትኮሳተራለች። እውነት ነው!» ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። «አማት አለሽ እንዴ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ከየት አወቅሽው?»

«ገምቼ ነው» አልሁት። ያን ጊዜ ነው የሳቀው። ሲስቅ ያ የጠፋበት ነገር የተገኘለት መሰለኝ።

በማግስቱ ግቢው መግቢያ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ፣ በጠመኔ «ቀዩ» ይልና ከሥሩ ግጥሟ ተጽፋለች። ጓደኛየ ናት በስልኳ አንስታ የላከችልኝ። ሰሌዳውን አይቼ እንደ ሕፃን አልጋየ ላይ ዘለልሁ፤ ጽሑፌ ሲሰቀል ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይጎትተኝ ሄድሁ።

«ጥቁሩን ቅመሽልኝ» አለኝ ገና ከበሩ። «እሱ ደግሞ ምንም አልተባለለትም።»

«ግጥም እንደ ድራፍት ሲከፍቱት የሚቀዳ መሰለህ?»

«ዓይንሽን ጨፍኝና ምን እንደሚሸትሽ ንገሪኝ፤ ሌላውን ተይው።»

ጨፈንሁ። «ቆሎ ይሸተኛል። የጎረቤት ቆሎ።»

«የጎረቤት? ለምን የጎረቤት?»

«የራስህ ሲቆላማ የሚታወቅህ ጭሱ ነው። ጥሩ ሽታ ያለው የጎረቤት ነው።»

ጥቁሩን ቢራ የሚሠራው ገብሱን እንደ ቆሎ አጥቁሮ በመቁላት መሆኑን የነገረኝ ከዚህ በኋላ ነው። ደስ አለኝ። አንድ ነገር በምላሴ አውቄ፣ በኋላ እውነት ሆኖ ስሰማው፣ ፈተና ያለፍሁ ያህል ደስ አለኝ። ከሐይቁ ጥግ፣ ደንገሉ ከበቀለበት አጠገብ ሄጄ ተቀመጥሁና ጣቶቼን ማጠፍ ጀመርሁ። ስመለስ ይህን ይዤ ነበር፦

ገብሱ ተቆላና፥ ከምጣድ አምልጦ፥
ብርጭቆ ውስጥ ገባ፥ ጥቁር ካባ መርጦ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። የቢራ ጣዕም የምንጠራበት ቃል ጥቂት ነው፤ መረረ፣ ጣፈጠ፣ ኮመጠጠ ብለህ ጨረስህ። ግጥም ውስጥ ግን ሰው ማስገባት ይቻላል። አንዱ ቢራ ቤቱን ሲጠርግ የሚያፏጭ ሰው ሆነልኝ፤ አንዱ ከዝናብ በኋላ የሚመጣ እንግዳ። ሎሚ ሎሚ የምትለዋን ቀጭኗን ቢራ ፈተና ጨርሳ ከክፍል ስትወጣ በምትዘልል ተማሪ መሰልኋት። የተማሪ ድርሰት ሳርም ቤት የሚመታ ቃል ካገኘሁ ቀዩ እስክሪብቶ በእጄ እንዳለ እረሳው ነበር። አንድ ቀን የተማሪ ደብተር ጠርዝ ላይ «አረፋ፥ ተስፋ፥ ሰፋ፥ ጠፋ» ብየ ጽፌ መልሼለት፣ ልጁ «ቲቸር፣ ይሄ ስንት ነጥብ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አንድ ማለዳ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ መንገድ መሃል ቆሜ ጣት እቆጥር ኖሯል። ባጃጅ ፍሬን ይዞ ጉልበቴ አጠገብ ቆመ። ሹፌሩ ጎልማሳ ነው፤ አንገቱን አውጥቶ አየኝ።

«እህቴ፣ ሒሳቡን ቤት ገብተሽ ብትሠሪው አይሻልም?»

«ሒሳብ አይደለም፤ ግጥም ነው።»

«የምን ግጥም?»

«የቢራ።»

አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ። ከዚያ ወደ ኋላ መቀመጫው በእጁ እያመለከተ «ግቢ! ግቢ! እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው በእግሩ አይሄድም» አለኝ።

እየወሰደኝ የአማቷን ግጥም ነገርሁት። መሪውን ትቶ ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረውም። ከሁለት ቀን በኋላ ፋሲሎ አካባቢ አንድ ባጃጅ አልፎኝ ሲሄድ፣ ኋላው ላይ በቢጫ ስቲከር የራሴ ስንኞች ተለጥፈው አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ባጃጅም ለጠፈው። ብዙ ሳይቆይ ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ፊቷን ቀጥ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ 'አማቴን መሰለች' የሚለው ምን ዓይነት ዘይቤ ነው?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «ተነጻጻሪ ነው» አልሁ፤ እኔም ወደ ሰሌዳው ዞሬ መንቀጥቀጥ ጀመርሁ።

ጠማቂውን በየቅዳሜው አየዋለሁ። ከቅዳሜ ውጭም ማየት ጀምሬ ነበር፤ እንዲያውም አዲስ በርሜል ሳይኖር። «ምን ልቅመስልህ?» እያልሁ እገባለሁ፤ «ዛሬ እንኳ የሚቀመስ የለም» ይለኛል፤ እቀመጣለሁ። ስለ ብቅል ሲያወራ እጁ አየር ላይ ብቅል ያገላብጣል። ስለ ግጥም ሳወራ እኔ ደግሞ ጠረጴዛ እመታለሁ። ግጥም ጻፍ ብለው ግን አይሆንለትም። «እኔ ከምጽፍ ጣና በጭልፋ ቢያልቅ ይቀላል» ይለኛል።

አባቴ መነጽር ሊያሠሩ ከዘጌ የመጡት በዚህ መሃል ነው። እንደሚመጡ አልነገሩኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ፋሲሎ የተከራየኋት ክፍል በር ላይ፣ ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ስሜ አስገባኋቸው፤ ምሳ አቀረብሁ። በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ ነው የተናገሩት።

«የዚህ ከተማ ባጃጅ ግጥም ይጽፋል እንዴ?»

ውሃ የያዘው ጆግ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«ከወደቡ የተሳፈርሁበት ባጃጅ ኋላው ላይ ስንኝ አለው» አሉ። «ዓይኔ ደካማ ቢሆንም ፊደሉ ትልልቅ ነው። ሹፌሩን ጠየቅሁት። 'የአንዲት መምህርት ናት፤ አባቷ የቅኔ ሰው ናቸው አሉ' አለኝ። 'እንዲህ ነው?' አልሁትና ማንነቴን ሳልነግረው ወረድሁ።»

«አባየ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምኑን?»

«የቢራውን ነገር።»

«ቢራውን ማን አነሳ?» አሉና ጃንጥላቸውን መሬት ላይ መቱት። «'ጉሮሮ ስትጠልቅ'! ቁጠሪው እስቲ።»

ቆጠርሁ። ጉ፣ ሮ፣ ሮ፣ ስት፣ ጠልቅ። አምስት። ሌላው ሁሉ ስድስት ስድስት ነው፤ እሱ ብቻ አምስት።

«አየሽ!» አሉኝ። «በሦስት ጎማ ከተማውን የሚዞር አንካሳ ስንኝ! የእኔ ልጅ! ደግሞ መፍትሔው አንዲት ፊደል ናት። ጉሮሮየ በያት። 'ጉሮሮየ ስትጠልቅ'። ሞላ?»

«ሞላ።» ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነጠላየን አፌ ላይ አድርጌያለሁ። እሳቸውም ሊስቁ ፈልገው ጢማቸውን ይዘው ይታገላሉ።

«እና» አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ፣ «አማትሽ ማን ናቸው?»

«የለኝም አባየ። ለግጥሙ ነው።»

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። መነጽር የሌለው ሰው እንደዚያ አጥርቶ ያያል ብየ አላስብም ነበር። «እንግዲያ ገና ነው» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ጋደም አሉ።

ባጃጁን ያን ዕለት ማታ ሳላድር ፈልጌ አገኘሁት። ሹፌሩ ስሕተቱን ስነግረው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «የእርስዎ አባት ናቸው ያሳፈርሁት? ከእኔ ባጃጅ ላይ ነው ጉድለቱን ያዩት?» ድንገት «እርስዎ» ማለት ጀመረ። በነጋታው «የ» የምትለዋን ፊደል ቢጫ ስላለቀበት በቀይ አሠርቶ፣ በሁለቱ ቃላት መሃል ሰክቶ መጣ። አባቴ ወደ መነጽር ቤቱ በዚያው ባጃጅ ነው የሄዱት፤ ከመሳፈራቸው በፊት ከኋላ ዞረው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያ ሳምንት ጠማቂው ለቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግጥም ውድድር የጠራበት ነበር። የሚመጣ ሁሉ ስለሚጠጣው ነገር ሁለት መስመር እንዲናገር ተባለ። ዳኛ ግን ጠፋ፤ «የጠጣ ሰው ሁሉንም ነው የሚያጨበጭብለት» አለ ጠማቂው። መጨረሻ ላይ የተገኙት የጎረቤቱ ሐጂ ናቸው። መረብና ገመድ የሚሸጡበት ሱቅ ከግቢው ጋር በአጥር ብቻ ነው የሚለየው። እሳቸው ግጥም ይወዳሉ፤ መጠጥ ግን አይነኩም፤ ወደ ግቢውም አይገቡም። ስለዚህ ወንበራቸውን በሱቃቸው በኩል አጥሩ ሥር አስጠግተው፣ ሻያቸውን ይዘው፣ ከአጥሩ በላይ ራሳቸው ብቻ እየታየ ሊዳኙ ተስማሙ።

አባቴን ላስቀራቸው ሞክሬ ነበር። «የዓይን ሐኪሙ ዕረፍት ያድርጉ ብሎ የለ?» አልኋቸው።

«ከማንበብ ነው የከለከለኝ። ከመስማት አልከለከለኝም» አሉና ጋቢያቸውን አጣፉ።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ አንዲት ሴት መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው አስረዋል፤ አጠገባቸው ሁለት ጆንያ ገብስ። ግንባራቸው ተቋጥሯል።

«አንቺ ነሽ ባለ ግጥሟ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ የዚህ ጠማቂ እናት ነኝ። ከመርአዊ መምጣቴ ነው፤ ከቆጋ። ልጄ ግጥምሽን በስልክ አነበበልኝ። 'አማቴን' ሲል 'ማን ናት እሷ?' አልሁት። ዝም አለ። እሱ ዝም የሚል ልጅ አይደለም። ገብስ አስጫንሁና መጣሁ።» ግንባራቸውን ይበልጥ ቋጠሩት። «ይኸው በር ላይ ነኝ፤ ተኮሳትሬያለሁ። አሁን ውስጥ ልግባና ልሳቅልሽ ወይስ እዚሁ ይበቃሻል?»

መሬት ብትከፈት የምመርጥ ይመስለኝ ነበር፤ ያወጣሁት ድምፅ ግን ሳቅ ነው። በሩን ይዤ ሳቅሁ። እሳቸውም ግንባራቸውን ይዘው ሊቆዩ ሞከሩ፤ አንደኛው ጉንጫቸው መጀመሪያ ከዳቸው፣ ከዚያ ሌላው። አባቴ ከኋላየ «እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ?» ሲሏቸው ሁለታችንም እንባችንን እየጠረግን ነበር።

ጠማቂው ከቆርቆሮው ቤት ሲወጣ እናቱን፣ እኔንና የእኔን አባት ጎን ለጎን አየ። በእጁ የያዘውን ጃምቦ ሽርጡ ላይ ደፋው።

ውድድሩ ተጀመረ። መጀመሪያ ባጃጅ ነጂው ተነሣ። ባጃጁን ቤቱ አቁሞ በእግሩ መምጣቱን ለሁሉም ካስታወቀ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ፦

አቧራ ጠጥቼ፥ ሙሉ ቀን ስነዳ፥
አረፋሽ አጠበኝ፥ ከአፌ እስከ ጓዳ።

ግቢው ተናወጠ። ሐጂ ከአጥሩ በላይ ጣታቸውን አነሱ። «ቆንጆ ነው። ጓዳው ግን ሆድህ ነው?»

«ሆዴ ነው ሐጂ።»

«ተቀበልሁ።»

ጓደኛየ የጂኦግራፊ መምህሯ ስለ ዓባይ መውጫ የጀመረችው ግጥም ሱዳን ሳይደርስ ጠፋባትና ተቀመጠች። ሌሎችም ተናገሩ። አንዱ ግጥሙን ሲጨርስ ራሱ ብቻ ሳቀ፤ ይህም በራሱ ሌላውን አሳቀ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ማየት ጀመረ። ባጃጅ ነጂው ማንነታቸውን ለግቢው ሁሉ አዳርሶ ነበርና።

አባቴ ቀዩን ቢራ በትንሽ ብርጭቆ ይዘዋል። አንድ ጊዜ ተጎነጩ፤ በሩ ላይ ስትኮሳተርባቸው አየሁ፤ ውስጥ ገብታ ስትስቅላቸውም አየሁ። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና ተቀምጠው እንዳሉ ተናገሩ፦

ውሃ ዳር ተወልዶ፥ ሳይጠመቅ ማን ቀረ፥
ገብሱም ተጠመቀ፥ ቢራ ሆኖ አደረ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዱ ሰው «ተጠመቀ!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ሌላው፤ ጠመቃውና ጥምቀቱ ለያንዳንዱ በየተራ ሲገባው ሳቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሄደ። አንደኛው ጥግ ያሉት ሰዎች ሁሉም ስቆ ካበቃ በኋላ ገብቷቸው እንደ አዲስ ጀመሩ።

«እኔ አለሁ እንጂ!» አሉ ሐጂ ከአጥሩ ላይ ሻያቸውን ከፍ አድርገው። «ውሃ ዳር ተወልጄ፣ ይኸው ሳልጠመቅ የቀረሁት!»

አባቴ ወደ አጥሩ ዞረው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። «ሐጂ፣ እርስዎንማ ለዳኝነት ነው ያስቀረንዎት።»

ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ፍርዱ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር» አሉ። «ነገር ግን እዚያ የተቀመጡት እመቤት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ።»

የጠማቂው እናት ነበሩ። ብርጭቆ አልያዙም፤ የልጃቸውን ቢራ ቀምሰው «ጠላየን አያህልም» ብለው መልሰውታል። ተነሡ፤ መቀነታቸውን አጠበቁ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፦

ገና ሳትገቢ፥ ስሜን ያነሳሽው፥
ቢራውን ነው ልጄን፥ እውነት የቀመስሽው?

የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? ባጃጅ ነጂው ከበርጩማው ወደቀ። ጓደኛየ በሁለት እጇ ጠረጴዛ ትደበድባለች። ጠማቂው እየሮጠ በርሜሎቹ መሃል ገባና በሩን ዘጋ። እኔ ፊቴን በነጠላየ ሸፈንሁ፤ በነጠላው ቀዳዳ ግን መጀመሪያ የፈለግሁት አባቴን ነው። አባቴ ጢማቸውን አልያዙም። አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እንደ ወጣት ይስቁ ነበር። በሳቃቸው መሃል በጣታቸው ሲቆጥሩ አየሁ። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። «አንድም አልጎደለም!» አሉ በአድናቆት።

«ፍርድ!» አለ ሕዝቡ።

«ምን ፍርድ አለው» አሉ ሐጂ። «እመቤቲቱ ረቱ። የምትከሰሰዋ ልጅም መልስ ካላት ትስጥ።»

ነጠላየን ገለጥሁና ሄጄ አቀፍኋቸው። ገብስ ገብስ ይሸታሉ።

ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ ሰው ተበተነ። አባቴና የጠማቂው እናት ዋርካው ሥር ተቀምጠው ስለ ዘጌ ጌሾና ስለ ቆጋ ገብስ በጣም የጠለቀ ወሬ ይዘው ነበር፤ ወደ እኛ ላለማየት የሚያደርጉት ጥረት ከሩቅ ይታያል። እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ፤ እሱ ያደርቃል። አንዱን ብርጭቆ ብዙ ጊዜ አደረቀው።

«እኔም አንድ አለኝ» አለ በመጨረሻ።

«አንድ ምን?»

«ግጥም።» ጆሮው ቀልቷል። ብርጭቆውን ይዞ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ፦

ቢራ ጠማቂ ነኝ፥ አንቺ ደግሞ መምህር፤
ብንጋባስ ምናለ፥ በሚያዝያ ወይም ደግሞ ከተመቸሽ በጥር?

መጀመሪያ ምን እንዳለኝ አልገባኝም፤ የመጨረሻው መስመር ርዝመት አስደንግጦኝ ነበር። ገባኝ። በእጄ ያለው ብርጭቆ አምልጦ ሳፋው ውስጥ ገባ።

«ሞልቶ ፈሰሰ» አልሁት።

«ምኑ?»

«ስንኙ። ሚያዝያን አውጣው።»

«እና?»

«'ከተመቸሽ'ንም አውጣው። ይመቸኛል።»

ብርጭቆውን አስቀምጦ ከዋርካው ሥር ወዳሉት ዞረና «በጥር አለች!» ብሎ ጮኸ። እናቱ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ እልል አሉ። ከአጥሩ ማዶ ሐጂ «መብሩክ!» አሉ፤ ለካስ ሱቃቸውን ዘግተው አልሄዱም ነበር።

በጥር ተጋባን። ሠርጉ ላይ አማቴ ጠላቸውን፣ ባሌ ቢራውን አቀረቡ፤ እንግዳውም በሁለት ተከፍሎ ተሟገተ። ለመልሱ ወደ አባቴ ቤት፣ ወደ ዘጌ፣ በጀልባ ተሻገርን። አንድ ደመና የሌለበት ማለዳ ነበር። ባሌ አንድ በርሜል አስጭኖ፣ ጀልባዋ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብላለች። አማቴ የቆጋ ሰው ናቸው፤ ውሃ የሚያውቁት በመስኖ ቦይ ሲሄድ ነው። ገና ከወደቡ ስንለቅ እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ጥብቅ አድርገው ጨፈኑ።

«እማየ፣ ይክፈቱት፤ ደስ ይላል» አልኋቸው።

«አልከፍትም። አንቺ እያየሽ ንገሪኝ።»

«በግጥም?»

«በግጥምማ አላምንሽም!» አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «በተራ አማርኛ ንገሪኝ።»

ስለዚህ በተራ አማርኛ ነገርኋቸው። ውሃው እዚህ ጋ ቡናማ ነው አልኋቸው፤ ወደዚያ ግን ይጠራል። አንድ ሰው በታንኳ እንጨት ጭኖ ይመጣል፤ ሰላም እያለን ነው። ሁለት ነጫጭ ወፎች ከጎናችን ይበራሉ። ልጅዎ በርሜሉ እንዳይንከባለል አቅፎት ተቀምጧል፤ እግሩ በውሃ ርሷል። እዚያ ዛፍ የበዛበት የሚታየው ዘጌ ነው፤ አባየ ከወደቡ ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል።

«ስቀው ነው ወይስ ኮስተር ብለው?» አሉኝ።

«ሩቅ ነው፤ አይታይም።»

አማቴ አንዱን ዓይናቸውን ብቻ ቀስ ብለው ከፈቱ።